ያልገጠመው ክብ

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ፤ ነጋ ስል በመጋረጃው ጠርዝ አንድ ጣት የምታህል ብርሃን ገባች ማለቴ ነው፣ እዚህ አገር ቀኑም እንደ አዲስ ሙሽራ እየተሽኮረመመ ነው የሚገባው፣ እዚያ ግን አሁን ረፍዷል፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ እህቴም ስልኳን አታነሳም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ድምፀ መረዋ ሴትዮ መጥታ የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን አያነሱም ትለኛለች፣ አውቃለሁ እኮ እመቤት፣ ቢያነሱማ አንቺን ምን ልሠራ እሰማሻለሁ። የት እንዳለች አውቃለሁ። ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። እህቴ፣ ሐኪሙ ከወንበር በላይ እንዳትወጪ ያላት ሴትዮ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ስቆጣጠር እሷ ከወንዙ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ ናት፣ የላካት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ይኸው የኔ ምላስ ነው።

እሑድ ነው የነገርኳት። ምን ቆርጦኝ ነገርኳት? ሥራሽ እንዴት ነው አለችኝ፣ ደህና ነው ብል ምን ነበረበት፣ ሰው አገር ያለ ሰው ብርዱም ደህና ነው፣ ራስ ምታቱም ደህና ነው፣ የቤት አከራዩም ደህና ነው፣ እንዲህ እያልን አይደል የምንኖረው። የዚያን ቀን ግን ልቤ ሞልቶ ነበርና ለፈለፍኩ። ያንቺን ዛፍ እያነበብነው ነው አልኳት፤ ሁለመናውን እንኳ አይደለም፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለችውን አረንጓዴዋን፣ ክሎሮፕላስት የሚሏትን፣ ብርሃን ተቀብላ ለዛፉ ምግብ የምታበስለውን፣ እሷ የራሷ ትንሽ መጽሐፍ አላት፣ ፊደሏ አራት ዓይነት ብቻ ነው፣ ተደርድሮ ተደርድሮ መቶ ሃምሳ ሺህ ገደማ ይሆንና መጨረሻው መጀመሪያውን ይይዛል፣ ክብ ነው፣ እንደ ቀለበት፤ የዚህን ዛፍ ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ያነበበው የለም፣ አንቺ ባወረድሽው ቅጠል እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን አልኳት። ታዲያ አለቀ? አለች። ምላሴን የሚቆርጠው ሰው ጠፋ። አንዲት ቦታ ቀርታለች፣ ክቡ አልገጠመም፣ ደህና ደህናው ቅጠል ደግሞ አልቋል፣ ትንሽ ቢኖር ኖሮ አልኳት። እህ፣ አለች እህቴ። ከዚያ ውሃ እንደጠፋ፣ ጎረቤቷ አጥር እንደገፋባት ታወራልኝ ጀመር። እህቴ እንዲህ ወሬ ስትቀይር ነገሩን በልቧ ጨርሳዋለች ማለት ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ነቃሁና በእማዬ ሞት ይዤሻለሁ፣ እንዳትወጪ አልኳት። ኧረ ምን ልሠራ እወጣለሁ፣ ያበድኩ መሰለሽ እንዴ አለችኝ። አልማለችም። እንዳልማለች ያስተዋልኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

የእህቴ ሥራ ዛፍ መውጣት ነው፤ ነበር። የዛፍ ዘር የሚሰበስብ ማዕከል አለ፣ እዚያ ነው የምትሠራው፣ ዘሩ ደግሞ ደህናው ሁልጊዜ አናቱ ላይ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው መውጣት አለበት፣ ያ ሰው እሷ ናት። ሴት ልጅ ዛፍ ላይ፣ ነውር አይደለም ወይ ብለው ያንሾካሹኩ ነበር፤ ኋላ ግን ወንዶቹ ያቃታቸውን ዛፍ ሁሉ ለእሷ መተው ጀመሩ፣ ነውሩም ቀረ። እንዴት እንደምትወጣ ባያችሁ። ለማን ነው የማወራው፣ ለጣሪያው። ግን ባየሃት አንተ ጣሪያ። መጀመሪያ እጇን ወደኋላ አጣምራ ዛፉን ትዞረዋለች፣ በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው ከታች እስከ ላይ ታየዋለች፣ ግንዱን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ትሰጠዋለች፣ ባዶ ከሆነ በድምፁ ታውቀዋለች። ከዚያ አሸዋ የሞላችውን ትንሽ ከረጢት በቀጭን ሲባጎ አስራ ትወረውራለች፣ ከረጢቷ የፈለገችው ቅርንጫፍ ላይ ትሄዳለች እንጂ ሌላ ቦታ አትሄድም፣ በሲባጎው ወፍራሙን ገመድ ትስባለች፣ መታጠቂያዋን ታጠብቃለች፣ ከወንዙ ማዶ ያለውንም ጋሽ ረጅሙ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ትለዋለች፣ ከዚያ ሳትቸኩል፣ ሳትተነፍስ ማለት ይቻላል፣ ወደ ላይ ነው። ከታች ሆኜ አንገቴ እስኪደነዝዝ አያታለሁ፤ መጨረሻ ላይ የምትታየኝ የጫማዋ ሶል ብቻ ናት፣ ያቺም ትጠፋለች። በሕይወቴ ብዙ ሊቅ አይቻለሁ፣ ብዙ ሰው በመድረክ ላይ ሲናገር ሰምቻለሁ፣ እንደሷ ሥራው እጁ ውስጥ የገባ ሰው ግን አላየሁም፣ ይህንን ለእሷ አንድ ቀን እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ከዚያ ያዞራት ጀመር። አንድ ቀን ገበያ መሃል ምድር ተገለበጠችባት፣ የጎመን ሻጯን እግር ይዛ ቁጭ አለች፣ ሐኪሙ የውስጥ ጆሮሽ ነው፣ ሚዛንሽን የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ሳይነግርሽ ይመጣል፣ ሳይነግርሽ ይሄዳል፣ እንግዲህ ዛፍ የሚባል ነገር በቃሽ አላት። መሥሪያ ቤቱም ዘር የሚለቀምበት ጠረጴዛ ጋ አስቀመጣት። ስደውልላት ሳቀች፣ ጠረጴዛው ከፍታው ደህና ነው፣ ብወድቅም ከወንበር ነው አለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የቢሮው መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ያቺ ሴትዮ ጠረጴዛ ጋ ቁጭ ብላ ምስር የምትለቅም ትመስላለች ብዬ ሳስባት አንጀቴን በላችው።

ባለፈው ቅጠል ስፈልግ እንኳ እሷን ውጪ አላልኳትም፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ የሚወጣ ካለ ትንሽ ይቁረጥልኝ ነው ያልኩት። እሺ አለች፣ ሄዳ ራሷ ወጣች፣ ከወረደች በኋላ ነገረችኝ። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ ምን ዋጋ አለው። እንዴት እንደሚዘጋጅ ደግሞ አንድ በአንድ ነግሬያት ነበር፤ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ገና ያልጠናውን፣ ትናንሹን ቁረጪ፣ አታጥቢው፣ ፀሐይ አታሳዪው፣ ጫማ ሲገዛ ሳጥኑ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ከመንደሩ ሁሉ ሰብስቢና አብረሽ አሽጊው። ሁሉንም እሺ አለች። የእህቴ እሺ። ፖስታው እዚህ ሲደርስ ጉምሩክ ያዘው፣ ጠሩኝ፣ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ ቅጠሉን በብርሃን ላይ እያገላበጠ ይበላል? አለኝ፤ አይበላም። ይተከላል? አይተከልም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ይነበባል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጓደኛውን ጠራ። አለቃዬ ደውላ ፈቃዱን እስክታሳይ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ ቅጠሌን እንደታሰረ ዘመድ ስጠብቅ ዋልኩ።

ላብራቶሪው ውስጥ ስንከፍተው ወይ ጉዴ። መዳፍ የሚያካክሉ ቅጠሎች። አንድ እንኳ ነቁጥ የሌለባቸው፣ እያንዳንዳቸው የታጠቡ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ፀሐይ የሞቁ፣ በየመሃላቸው ነጭ ወረቀት ገብቶ እንደ ሙሽራ ልብስ የተደረደሩ። ለሰው አገር ዘመድ፣ ለዚያውም ለተማሩ ሰዎች፣ ዓይኑን ያልገለጠ ጭራሮ ቅጠል ይላካል እንዴ? ታላቅ እህት እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም፣ አፏ እሺ ይበል እንጂ እጇ እሺ አይላትም። ውሃውና ፀሐዩ ደግሞ ውስጡን ጨርሶታል፣ ብንፈጨው ብናጥበው የሚወጣው ዲኤንኤ ብጥስጣሽ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ቁንጅና አንድ ደህና ቃል አይገኝም። አለቃዬ አንዷን ቅጠል በቁንጢጥ አንስታ ረጅም ጊዜ አየቻት። ይህን ያዘጋጀልሽ ሰው በጣም ይወድሻል አለችኝና አስቀመጠቻት። ይህቺን አለቃዬን በልቤ እማሆይ ነው የምላት፣ ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ቃል ከአፏ የሚወጣው በጾም በጸሎት ነው፤ ሥራ ላይ ግን ዓይኗ ካረፈበት የሚያመልጥ የለም። ያን ቀን ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን ሳጥኑን ልንጥል ስንል እሷ ናት ዳርና ዳሩን ያየችው። ቅጠሎቹ እንዳይሰባበሩ እህቴ የሳጥኑን ጥግ ጥጉን በገለባ መሳይ ነገር ጠቅጥቃዋለች፣ ከትልልቁ ቅጠል ላይ እየቆረጠች የጣለችው ጫፍ ነው፣ ያልጠናው፣ ያልታጠበው፣ ያ ጭራሮው። የጫማዎቹን ከረጢቶችም እዚያው ወርውራቸዋለች፣ አትብሉት የሚል ተጽፎባቸው ስላየች መርዝ ነገር ቢሆንስ ብላ ደህናውን ቅጠል አላስነካቻቸውም። ጥላ ውስጥ፣ ከረጢት መሃል፣ እንደ ፈለግነው ደርቆ ተቀምጧል። ያን ቀን እማሆይ ስትስቅ አየሁ።

ከዚያ ጭራሮ ነው ይህን ሁሉ ያነበብነው። እኔ እኮ አሁንም ይገርመኛል፤ ስንት ዓመት ስሠራው ኖሬ አሁንም ማሽኑ ፊደሎቹን መልቀም ሲጀምር እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። ይህቺ አረንጓዴ ነገር ጥንት ለብቻዋ ውሃ ውስጥ ትኖር ነበር ይባላል፣ ከዚያ ሌላ ሕዋስ ዋጣት፣ ዋጣትና ሳይፈጫት ቀረ፣ እሷም ሳትሞት ቀረች፣ ተስማሙ፣ ንብረቷን አብዛኛውን ለባለቤቱ አስረከበች፣ ትንሽ መጽሐፏን ግን አልሰጠችም፣ ይዛት ይኸው እስከ ዛሬ አለች፣ በዚያችው ሙያዋ ዓለሙን ሁሉ ታበላለች። ያቺ መጽሐፍ ደግሞ በአብዛኛው ዛፍ ላይ የምትወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ፣ ማንም ሳያያት። እኔ ስደተኛዋ ይህን ሳስብ የምቀናባት ነገር አለ፣ ሰው ቤት ገብቶ እንደዚህ መኖርስ ሙያ ነው እላለሁ።

ያልገጠመችው ቦታ ግን አስቸገረችኝ። ክቡ ውስጥ አንድ ዓይነት ጽሕፈት ሁለት ቦታ አለ፣ ፊትና ጀርባ ሆኖ፣ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ የሚነበብ፣ ይህንን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም አውቃለሁ። ማሽኑ የሚያነበው ብጥስጣሽ ብጥስጣሹን ነው፣ ፕሮግራሙ ነው የሚገጣጥመው፣ ዳሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ጎደለ ይላል። ጎደለ ሲለኝ እኔ ወዲያው ቅጠሉ ነው አልኩ። ያ ሁሉ ቅጠል ስለተበላሸ ከዚያ ወዲህ ለሚጎድለው ነገር ሁሉ ጥፋተኛው ቅጠሉ ሆነ፣ እጄን አልጠረጠርኩም። ትናንት ከሥራ ልንወጣ ስንል እማሆይ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ እዚህ ቦታ ላይ ንባቡ ለምን እጥፍ ሆነ? አለችኝ። ተደጋግሞ ነው፣ እኔ አንዱን ጥያለሁ አልኳት። ኮቷን እየለበሰች አልተደገመም፣ ሁለት ነው፣ የጣልሽውን መልሺና እንደገና አስኪጂው አለችኝ። ውሃ ሆንኩ። መለስኩት፣ አስነሳሁት፣ ቤቴ መጣሁ፣ ለእህቴም ደወልኩ፣ ነገ ጠዋት ትንሽ ጉዳይ አለብኝ አለችኝ፣ ምን ጉዳይ ስላት ጉዳይ ነዋ አለችኝ። እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ የት ያውቀኛል።

አሁን ስልኬ ትንሽ ድምፅ አሰማች፣ ዘልዬ ተነሳሁ፣ እህቴ አይደለችም፣ ኮምፒውተሩ ነው። ጨርሷል። ከፈትኩት፣ አየሁት፣ መጨረሻው መጀመሪያውን ይዟል። ገጥሟል። አንድም ፊደል ሳይጎድል ገጥሟል፣ ለካ ሁሉም መጀመሪያውኑ እጄ ላይ ነበር። ከዚህ በፊት ማንም ያላየው ነገር፣ ይኸው ፒጃማዬን ለብሼ በጠዋቱ ብቻዬን አየሁት፣ ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር፣ አሁን ግን ይህ ማለት እሷ የወጣችው በከንቱ ነው ማለት ነው። የጎደለ ሳይኖር ጎደለ ብዬ ነው የሰቀልኳት።

ባሏ ጋ ደወልኩ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሃል አድርጎ የስፌት መኪናውን እየመታ ነው የሚያወራው፣ እህት ዓለም፣ እንዴት አደርሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ጤናሽ እንዴት ነው ይለኛል፤ ጋሼ፣ እሷ የት ናት አልኩት። በጠዋት ወጣች አለ። ምን ይዛ? መኪናው ቆመ። ገመዱን ይዛለች፣ ለመሥሪያ ቤት ላውስ ነው ብላኝ እኮ ነው አለኝ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ጋሼ ወንዙ ማዶ ሂድልኝ፣ ሩጥልኝ አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋው ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄደ፣ ባዶው የስፌት ቤት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ዘጋሁትና መልሼ እህቴ ጋ ደወልኩ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ጭንቅ ጥብብ አለኝ፣ ይጠራል።

"አቤት፣" አለች።

ነፍስ ዘራሁ። የት ነሽ አልኳት፣ ቤት ነኝ አለች፣ ነፋስ ሹው ይላል፣ ቅጠል ይንሿሿል፣ ቤት ውስጥ ነፋስ ገባ እንዴ አልኳት። ከፍ ላይ ላለ ሰው እንደማይጮህበት ያስተማረችኝ ራሷ ናት፤ ድምፄን አለዘብኩት፣ ሕፃን እንደማባብል ሆንኩ፣ እትዬ፣ ላይ ነሽ? አልኳት።

"ላይ ነኝ። ትንሽ አዞረኝና ግንዱን አቅፌ ቁጭ ብያለሁ። ለዚህ ነው ያላነሳሁልሽ።"

ተረጋግቼ ነገርኳት፣ እንዴት እንደተረጋጋሁ አላውቅም፤ ክቡ ገጥሟል፣ የጎደለም አልነበረም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቅጠሉን ተዪው፣ አንቺን ነው የምፈልገው፣ አንቺን ብቻ አልኳት፣ ይህንንም እንዲህ በግልጽ ተናግሬው አላውቅም። ገጠመ? አለች። ገጠመ። ሙሉው? ሙሉው። እሰይ፣ አለች እህቴ፣ እዚያ አናት ላይ ምድር እየዞረባት እሰይ አለች፣ ደስ ብሏት ሳቀች። ከዚያ ባሌ እየሮጠ ሲመጣ ይታየኛል፣ አንቺ ነሽ የላክሽው? ከዚህ ሳየው መላጣው ሰፍቷል አለችኝ። አትይው፣ ወደ ታች አትይ አልኳት። እሺ፣ አላይም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው፣ ገመዱን እጄ ያውቀዋል፣ አንቺ ግን ዝም አትበዪኝ፣ ድምፅ ሲኖር የምይዘው ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ስልኩን ደረት ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፣ አውሪኝ አለች። ምን ላውራሽ?

"ያነበባችሁትን አንብቢልኛ።"

መኝታ ቤቴ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ኤ አልኩ፣ ቲ፣ ጂ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤ፣ ቲ፤ ገመዱ ሲፈተግ ይሰማኛል፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ቲ፣ ቲ፣ ኤ፣ ሲ፤ ቆም ትላለች፣ እኔ አልቆምም፣ ጂ፣ ኤ፣ ቲ፤ ባሏ ከታች በርቺ እመቤት ሲል ከሩቅ ይሰማኛል፣ አንድ ቅርንጫፍ ቀጭ አለ፣ ልቤም አብሮ ቀጭ አለ፣ ግን አነባለሁ፣ ከዚያ ዛፍ ለምትወርደው ሴት ያንኑ ዛፍ አነብላታለሁ፣ ቃል የለው፣ ትርጉም የለው፣ አራት ፊደል እየተገለባበጠ፣ ሲ፣ ሲ፣ ጂ፣ ኤ፤ መስመር ዘለልኩ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ደገምኩት፣ አፍንጫዬ ተዘጋ፣ እንዲያም ሆኖ ኤ፣ ኤ፣ ቲ።

የሆነ ነገር ዱብ አለ። የጫማ ድምፅ ነው። ባሏ ተመስገን ሲል ሰማሁ። ከዚያ እሷ ስልኩን ከኪሷ ስታወጣ ጨርቁ ሲፋተግ፣ ከዚያ ቀረብ ያለው ትንፋሿ።

"መሬት ነኝ። ምን ያንሰቀስቅሻል፣ የወጣሽው አንቺ ነሽ እንዴ?"

ግንዱን ተደግፋ ስትቀመጥ ሰማኋት፣ ባሏ ውሃ ጠጪ ይላታል፣ ቆይ ትለዋለች። ደህና ነሽ? ያዞርሻል? አልኳት እንደምንም።

"እሱ ይተወኛል፣" አለች፣ "ማን አቁሚ አለሽ፣ አንብቢ እንጂ።"

አፍንጫዬን በፒጃማዬ እጅጌ ጠረግሁና ካቆምኩበት ቀጠልኩላት።